ጀማሪ ከየት ይጀምር? ወደ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር መግባት ለሚሹ ልጆቻችን

በዛሬው ዝግጅታችን ከደብረ ታቦር ከተማ የደረሰንን አንድ ደብዳቤ መነሻ አድርገን በብዙ ቤቶች ውስጥ ያለ ጉዳይ እናነሳለን።

ደብዳቤውን የጻፉልን አባት በሽመና ሥራ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ናቸው። ከልጆቻቸው አንዷ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቃ ሥራ ስትጠብቅ ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። አባት እንዲህ ይላሉ፦ «ልጄ ሌሊቱን ከኮምፒውተር ጋር ስታፈጥ ታነጋ ነበር። ምንድን ነው ስላት፣ ዓለም በጋራ የሚሠራቸው ፕሮግራሞች አሉ፣ እዚያ ለመግባት ነው አለችኝ። ሦስት ሳምንት የለፋችበትን ሥራ ላከችላቸው፤ አየሁት የሚላት እንኳ ጠፋ። አሁን ኮምፒውተሩንም መክፈት ትታለች። ለመሆኑ ይህ ነገር ይጠቅማታል? የሚጠቅም ከሆነስ በየት በኩል ነው የሚገባው?»

ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። እኛ ግን ከሁለተኛው እንጀምራለን፤ ምክንያቱም እህታችንን ያስቀራት የችሎታ ማነስ ሳይሆን የመግቢያውን በር የሚያሳያት ማጣቷ ይመስለናል።

ክፍት ምንጭ ሲባል ምን ማለት ነው?

የኮምፒውተርም ሆነ የስልክ ፕሮግራም ሰው የጻፈው መመሪያ ነው። ይህ መመሪያ ኮድ ወይም የፕሮግራሙ ምንጭ ይባላል። ብዙ ኩባንያዎች ምንጩን ደብቀው ፕሮግራሙን ብቻ ይሸጣሉ። ክፍት ምንጭ የሚባለው ግን ማንም ሰው ኮዱን እንዲያነበው፣ እንዲያሻሽለውና ለሌላው እንዲያካፍለው በጽሑፍ ፈቃድ የተለቀቀ ፕሮግራም ነው። አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ግኑ የተባለውን ሥራ አስታወቀ፤ በ1991 ደግሞ ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ ሊኑክስን ለሕዝብ ለቀቀ። ዛሬ ብዙዎቻችን በእጃችን የያዝነው የአንድሮይድ ስልክ ውስጡ የሚሠራው በሊኑክስ ነው።

ነገሩ ከእኛ የራቀም አይደለም። የአገራችን ጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማትን ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ2 የተባለው ሥርዓት በኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው። ብዙ ወገኖቻችን የሚጠቀሙበት ቁርኣን ዶት ኮምም ኮዱ ክፍት ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር እናስተውል፤ ክፍት የሆነው የፕሮግራሙ ኮድ እንጂ የቁርኣኑ ቃል አይደለም። ሰዎች የሚያሻሽሉት የገጹን አሠራር፣ የፍለጋውን ፍጥነት፣ የስልኩን አቀማመጥ ነው።

በሩ ክፍት ከሆነ ለምን አልገባችም?

የተከበሩ አባታችን፣ መልሱን ከእርስዎ ሙያ እንውሰደው። ሽመና ሊማር የመጣን ልጅ በመጀመሪያው ቀን «ይህን ነጠላ እስከ ጥበቡ ጨርሰህ አምጣ» ይሉታል? አይሉትም። ማጉን በቀሰም ላይ እንዲያጠነጥን ይሰጡታል። ሥራው ትንሽ ቢሆንም እውነተኛ ነው፤ ያጠነጠነው ማግ መወርወሪያው ውስጥ ገብቶ ጨርቅ ይሆናል። ቢያበላሸው በቀላሉ ይፈታል። እያጠነጠነም የእርስዎን እጅና እግር ይመለከታል፤ ድሩ እንዴት እንደሚደራ፣ መቼ እንደሚመታ ያያል። ሙያው የሚገባው በዚህ መንገድ ነው።

እህታችን ግን ማግ የሚሰጣት ሳታገኝ በቀጥታ ወደ ጥበቡ ሄደች። አንድ ትልቅ ፕሮጀክት በሺሕ የሚቆጠሩ የኮድ ፋይሎች አሉት። ሥራውን የሚመሩት ኃላፊዎች ብዙ ጊዜ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ቀን ሌላ ሥራ ውለው ማታ ነው የሚያዩት። ከማያውቁት ሰው የሦስት ሳምንት ሥራ በአንድ ጊዜ ሲመጣላቸው፣ መስመር በመስመር ለመመርመር ብዙ ምሽት ይወስድባቸዋል። ስለዚህ ለነገ ይሉታል፤ ነገም ለሳምንት ይገፋል፤ በመጨረሻም ይረሳል። አዎ፣ መልስ መንፈግ ጥፋት ነው። ሆኖም እህታችን ከደብረ ታቦር ስለሆነች ወይም ሥራዋ ስለተናቀ ነው ብላ አታስብ። ሥራው ከበዛባቸው ሰዎች ደጅ ከባድ ሸክም ስለቀረበ ነው።

ለጀማሪ ተብሎ የተቀመጠ ሥራ

ይህን ችግር የተገነዘቡ ፕሮጀክቶች አንድ ልማድ አበጅተዋል። ፕሮጀክቶቹ የተበላሸውንና የጎደለውን ሁሉ እየመዘገቡ የሚያስቀምጡበት ዝርዝር አላቸው። ከዚያ ዝርዝር ውስጥ ለአዲስ ሰው የሚሆነውን እየለዩ ምልክት ያደርጉበታል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ በጀመረውና ብዙ ክፍት ምንጭ ሥራዎች በሚገኙበት ጊትሃብ ላይ ይህ ምልክት «ጉድ ፈርስት ኢሹ» ይባላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሆን ጥሩ ሥራ ለማለት ነው። ሊብሬኦፊስ የተባለው የጽሕፈት ፕሮግራም «ኢዚ ሃክስ» ይለዋል፤ ፋየርፎክስን የሚሠራው ሞዚላ «ጉድ ፈርስት በግ» ይለዋል። ስሙ ይለያይ እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው፤ ማጉን ለይቶ ማስቀመጥ ነው።

ሥራን ለጀማሪ በመለየት በኩል ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የካርታ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ አገር ስቲቭ ኮስት የጀመረው ኦፕንስትሪትማፕ ማንም ሰው የሚሞላው የዓለም ካርታ ነው። ከእርሱ ጋር የሚሠራው የሰብዓዊ ዕርዳታ ካርታ ቡድን አንድን ወረዳ በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይከፋፍለዋል። አንድ ሰው አንዱን ማዕዘን ሲይዝ ለሌላው ይቆለፋል፤ ሁለት ሰው በአንድ ቦታ አይለፋም። በሳተላይት ፎቶው ላይ የሚታየውን ቤትና መንገድ ሥሎ ሲጨርስ ልምድ ያለው ሌላ ሰው ያየዋል፤ ስሕተት ካለም ያሳየዋል። ሥራዎቹ ለጀማሪ፣ ለመካከለኛና ለባለ ልምድ ተብለው ተለይተዋል። በዚህ ሥራ የፋርጣ ወይም የላይ ጋይንት ሰው ከማንም የተሻለ ነው፤ በፎቶው ላይ ክብ ሆኖ የሚታየው የሣር ቤት ይሁን የጭድ ክምር ከሩቅ አገር ለሚያይ ሰው ይምታታበታል፤ በአካባቢው ላደገ ሰው ግን አይምታታበትም።

ዊኪፔዲያም እንዲሁ ለአዲስ ገቢዎች ሥራ ለይቶ ማቅረብ ጀምሯል። ቀላል የሚባለው የፊደልና የሰዋስው ስሕተት ማረም ወይም አንዱን ጽሑፍ ከሌላው ጋር ማያያዝ ነው፤ መካከለኛው ማስረጃ መጨመር ነው፤ ከባዱ አዲስ ጽሑፍ መጻፍ ነው። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች ሲኖሩት የአማርኛው ግን 15 ሺህ ገደማ ነው። ልዩነቱ ምን ያህል ሥራ እንደሚጠብቀን ይናገራል።

እንግዲህ ለጀማሪ የሚሆን ጥሩ ሥራ በምን ይታወቃል? አራት ነገሮች አሉት። አንደኛ፣ በጥቂት ምሽቶች የሚያልቅ ነው። ሁለተኛ፣ ስሕተቱ በየትኛው ፋይል ወይም በየትኛው ገጽ እንደሚገኝ ተጽፏል። ሦስተኛ፣ ሥራው መጠናቀቁ በምን እንደሚታወቅ ተገልጿል። አራተኛ፣ ሲቸገሩ የሚጠየቀው ሰው ይታወቃል። ምልክቱ ኖሮ እነዚህ አራቱ ከሌሉ ሥራው ለጀማሪ አልተዘጋጀም ማለት ነው።

እህታችን እንዴት ትምረጥ?

በቅድሚያ ራሷ የምትጠቀምበትን ፕሮግራም ትምረጥ። የማታውቀውን ፕሮግራም ለመጠገን መነሳት ገብተው የማያውቁትን ቤት በጨለማ እንደመጥረግ ነው።

ቀጥላ ፕሮጀክቱ ሕያው መሆኑን ትይ። በኮዱ ላይ የመጨረሻው ለውጥ የተደረገው መቼ ነው? ባለፉት ሳምንታት አዲስ ሰዎች ለላኩት ሥራ መልስ ተሰጥቷል? የተሰጠው መልስስ በአክብሮት ነው? ይህን ለማየት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ እህታችን ቀድማ አይታው ቢሆን ግን የሦስት ሳምንት ድካሟን ባተረፈላት ነበር። ዓመት ሙሉ የተዘጋ ደጅ ላይ ቆሞ ማንኳኳት ጊዜ ማባከን ነው።

ከዚያ በኋላ ምልክት ከተደረገባቸው ሥራዎች መካከል ማንም ያልያዘውን ትፈልግ። ብዙ ጊዜ ከሥሩ «እኔ ልሥራው» ያለ ሰው ይኖራል። ሰውየው ከጠፋ ወራት አልፈው ከሆነ «አሁንም እየሠራህበት ነው? ካልሆነ ልይዘው እችላለሁ?» ብሎ መጠየቅ አደብ ነው። ሳይጠይቁ መንጠቅ ግን ቅሬታ ያመጣል።

ሥራ ከመጀመሯ በፊት ለአስተዋጽዖ አድራጊዎች የተጻፈውን መመሪያ ታንብብ፤ ፕሮግራሙንም በራሷ ኮምፒውተር ላይ አስነስታ ትሞክረው። ብዙ ጀማሪዎች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። የሚገርመው ግን ይህ ችግር ራሱ ጥሩ የመጀመሪያ ሥራ መሆኑ ነው። መመሪያው አንድ ደረጃ ዘሎ ከሆነ፣ የዘለለውን ጽፎ መላክ ለፕሮጀክቱ ትልቅ ውለታ ነው። ነባሮቹ መንገዱን ስለለመዱት ጉድጓዱ አይታያቸውም፤ ለአዲስ መንገደኛ ግን ይታየዋል።

በመጨረሻም አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ትላክ። ምን እንደቀየረች፣ ለምን እንደቀየረች፣ እንዴት እንደሞከረችው በአጭሩ ትጻፍ። መልስ ካልመጣ አንድ ሁለት ሳምንት ጠብቃ በትሕትና ታስታውስ። አስተካክይ ከተባለች ቅር አይበላት፤ ድሩ የላላበትን ቦታ የሚያሳይ መምህር ልጁን አልጠላውም።

ኮድ ለማይጽፉም ሥራ አለ

አድማጮቻችን፣ ይህ ጉዳይ ኮምፒውተር ለተማሩ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአማርኛ ቋንቋ ራሱ ብዙ ያልተሠራ ሥራ አለው።

ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። ቀደም ባሉት ዓመታት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አሠራር ስለነበራቸው በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ መለያ ሦስተኛ እትም ውስጥ ሲገባ ይህ ችግር መፈታት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ እንደ ዳንኤል ያዕቆብ ያሉ ባለሙያዎች የግዕዝ ፊደል ቁልፍ ሰሌዳዎችን በክፍት ፈቃድ ሠርተዋል፤ አቢሲኒካ የተባለው የፊደል ቅርጽም በነፃ ተለቋል። ዛሬ አማርኛ በስልካችን የምንጻጻፈው እነዚህን በመሰሉ ሥራዎች ነው።

የቀረው ግን ብዙ ነው። «ሐኪም» ብሎ የፈለገ ሰው «ሀኪም» ተብሎ የተጻፈውን የማያገኝበት የፍለጋ ፕሮግራም አለ። ዓመቱ 13 ወር መሆኑን፣ ጳጉሜን አንዴ 5 አንዴ 6 ቀን መሆኗን የማያውቅ የቀን መቁጠሪያ አለ። ጠዋት 2 ሰዓት ያልነውን ሌሊት የሚያደርግ ሰዓት አለ። አንድን ቁልፍ ወደ አማርኛ ስንመልስ «አስቀምጥ» እንበል ወይስ «አስቀምጪ»፣ ወይስ ሁለቱንም የሚያስማማውን «ያስቀምጡ»? እነዚህን የሚያውቅ የቋንቋው ባለቤት ነው። ስሕተቱን አይቶ፣ ምን ሲደረግ ምን እንደታየ ጽፎ ማስመዝገብ ብቻውን አስተዋጽዖ ነው። ትራንስሌትዊኪ በተባለው ቦታ የዊኪፔዲያን ቁልፎችና መልእክቶች አንድ በአንድ መተርጎም ይቻላል፤ አንዱ ሥራ አንዳንዴ ሦስት ቃል ብቻ ነው። ሞዚላ እ.ኤ.አ. በ2017 በጀመረው ኮመን ቮይስም የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በድምፅ ማንበብ፣ ሌላው ያነበበውንም ሰምቶ ትክክል ነው ወይም አይደለም ማለት ይቻላል። በስልክ የሚሠራ ነው፤ የቤት እመቤቷም፣ ጡረታ የወጣው መምህርም ይችለዋል።

ኢንተርኔት ሲቆራረጥስ?

ይህ ጥያቄ በአማራ ክልል ላለ ሰው ቀላል ጥያቄ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. መገባደጃ ጀምሮ በግጭቱ ምክንያት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። መልካሙ ዜና አብዛኛው የኮድ ሥራ ያለ ኢንተርኔት መሠራት መቻሉ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው ጊት የተባለው መሣሪያ የፕሮጀክቱን ሙሉ ኮድ ከነታሪኩ ወደ ራስ ኮምፒውተር ያወርዳል። አንዴ ካወረዱ በኋላ ማንበብ፣ መቀየር፣ መመዝገብ ያለ መስመር ይቻላል፤ ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ለመላክ ብቻ ነው። ስለዚህ እህታችን መስመር ባገኘችበት ቀን ኮዱን፣ መመሪያውንና የመረጠችውን ሥራ ዝርዝር አውርዳ ትያዝ።

እንጠንቀቅ

ቁጥር ለማብዛት የሚደረግ ሥራ ጉዳት እንዳለው የታየበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 በየዓመቱ በሚካሄደው ሃክቶበርፌስት ላይ ካናቴራ ለመሸለም ሲሉ ብዙ ሰዎች እዚህም እዚያም አንድ ቃል እየጨመሩ ትርጉም የሌለው ሥራ በማዝነባቸው የፕሮጀክት ኃላፊዎች ተማረሩ። አዘጋጆቹም ዝግጅቱ ፈቃደኛ በሆኑ ፕሮጀክቶች ላይ ብቻ እንዲሆን ደንቡን ቀየሩ። ዛሬ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የጻፈውን ሳይረዱት የሚልኩ አሉ። መሣሪያውን ለመማሪያ መጠቀም አይከፋም፤ ነገር ግን «ይህ መስመር ምን ይሠራል?» ስትባሉ መመለስ የማትችሉትን በስማችሁ አትላኩ። አማና ነውና።

ጥቅሙ ምንድን ነው?

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። አባታችን፣ እውነቱን እንናገር፤ ከዚህ ሥራ አብዛኛው ደመወዝ የለውም። ነገ ሥራ ታገኛለች ብለን ቃል አንገባም። ነገር ግን ሦስት ነገር ታገኛለች። የመጀመሪያው፣ ትምህርት ቤት የማይሰጠውን፣ ከሌሎች ጋር በእውነተኛ ሥራ ላይ መሥራትን ትለምዳለች። ሁለተኛው፣ የተቀበሉላት ሥራ ሁሉ ከነስሟና ከነቀኑ ተመዝግቦ ይኖራል፤ ቀጣሪ «ምን ትችያለሽ?» ሲላት የምታሳየው አላት። ሦስተኛው፣ ለጀማሪዎች የሚከፈልባቸው በሮችም አሉ። ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ «ሰመር ኦቭ ኮድ» በተባለው መርሐ ግብር ከክፍት ምንጭ ፕሮጀክቶች ጋር ለሚሠሩ አዲስ ሰዎች ድጎማ ይሰጣል። አውትሪቺ የተባለውም በሙያው ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆኑ ወገኖች፣ ሴቶችን ጨምሮ፣ ከቤት ሆነው የሚሠሩት የሦስት ወር ልምምድ ከነክፍያው ያቀርባል። አውትሪቺ የሚመርጠው አመልካቾች አስቀድመው በሠሩት ትንሽ ሥራ ነው። ስለዚህ ማጉን ማጠንጠን እዚህም ያስፈልጋል።

ደቦው እንዲቀጥል

በገጠራችን ደቦ ሲጠራ ጉልበት የሌለው ልጅ «አትችልም፣ ሂድ» አይባልም። ውኃ ያቀብላል፣ ነዶ ይሰበስባል፣ በሬ ይጠብቃል። ከዓመታት በኋላ ማጭድ ይዞ ከፊት የሚሰለፈው ያ ልጅ ነው። ደቦው ሥራ ለይቶ ባይሰጠው ኖሮ አጫጅ አይወጣውም ነበር።

ስለሆነም መልእክታችን ለጀማሪዎች ብቻ አይደለም። በደብረ ታቦርም፣ በባሕር ዳርም፣ በአዲስ አበባም፣ በውጭ አገርም ያላችሁ ሙያውን የቀደማችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ራሳችሁ በአንድ ሰዓት የምትጨርሱትን ትንሽ ሥራ አንዳንዴ ተዉት። በአማርኛ ግልጽ አድርጋችሁ ጻፉት፣ ቦታውን አመልክቱ፣ «ከተቸገርክ እኔን ጠይቅ» በሉ። ለራሳችሁ አንድ ሰዓት የሚፈጀው ለሌላው ሁለት ምሽት ይፈጅበታል፤ መልስ ለመስጠትም የእናንተን ሦስት ሰዓት ይወስዳል። ኪሳራ ይመስላል፤ ግን ሠራተኛ የሚገኘው እንዲህ ነው።

አባታችን፣ ልጅዎን ኮምፒውተሩን መልሳ እንድትከፍት ይንገሯት። ሌሊቱን ሙሉ ሳይሆን በሳምንት ሁለት ምሽት ይበቃታል። ያን የሦስት ሳምንት ሥራም አትጣለው፤ ከውስጡ አንዲት ትንሽ ማሻሻያ ቆርጣ፣ ሕያው መሆኑን ላየችው ፕሮጀክት ብቻዋን ትላካት። ተቀባይነት ስታገኝ ይጻፉልን፤ ባታገኝም ይጻፉልን፤ የት ላይ እንደከበዳት አብረን እናያለን።

እስከሚቀጥለው ዝግጅታችን ድረስ በሰላም ቆዩን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።